መልሱ የተቆረጠ ጨዋታ፦ የቴአትራችን ታሪክ ከጥያ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ መልካ ቁንጡሬን አልፎ የሶዶን ምድር ለሚረግጥ መንገደኛ ጥያ አነስተኛ ከተማ ናት። ስሟን ከአገር አልፎ በዓለም ያስጠሩት ከከተማይቱ ዳር የቆሙት ትክል ድንጋዮች ናቸው። ቁጥራቸው 36 ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ የሰይፍና የልዩ ልዩ ምልክቶች ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሰይፉን የተመለከተ ሁሉ ሰይፍ መሆኑን ያውቃል። ከሰይፉ ጎን ያሉት ምልክቶች ግን ምን እንደሚሉ በእርግጠኝነት ተፈትቶ አላለቀም። ቅርጹ ከእኛ ዘንድ ደርሷል፤ ቅርጹን ያነብ የነበረው አንደበት ግን በመንገድ ቀርቷል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ድንጋይ የሚናገር አይደለም። የተነሣበት ጉዳይ ቴአትር ነው። ይሁን እንጂ የአገራችንን የቴአትር ታሪክ ከአዲስ አበባ አዳራሾች መጋረጃ ጀርባ ሳይሆን ከጥያ ቆሞ የሚመለከተው ሰው፣ በእነዚያ ድንጋዮች ላይ የደረሰው ነገር በሕዝብ ጨዋታዎቻችንም ላይ እየደረሰ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ቅርጹ እየተጠበቀ ቃሉ የሚጠፋበት ሁኔታ ነው።

ከአንድ አዳራሽ የተገኘ ትዝብት

በሶዶ ክስታኔ ጉራጌ ዘንድ በመስቀል ሰሞን ወጣቶች በገበያ ቦታ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱት አዳብና የተባለ ጨዋታ አለ። ወንዶችና ሴቶች በየጓዳቸው ሆነው ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ፤ ይተያያሉ፤ ለትዳር የሚሆናቸውንም የሚመርጡበት አጋጣሚ ነው። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያሰኘው የእግሩ ፍጥነትና የጭብጨባው ሞቅታ ብቻ አይደለም። አንዱ ወገን በዜማ ይጠይቃል፣ ሌላው ወገን በዜማ ይመልሳል፤ መልሱ ለጠያቂው አዲስ ጥያቄ ይወልድለታል። በጥያቄና በመልስ መካከል ደግሞ ኩራት አለ፣ እፍረት አለ፣ ሽሙጥ አለ፣ ተስፋ አለ። ዳር ቆመው የሚመለከቱት ወላጆችና ጎረቤቶች ማን ለማን እንደ ተናገረ ያውቃሉ። እንግዲህ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ቃለ ተውኔትና ተመልካች በአንድ ቦታ ከተገኙ፣ ከቴአትር የቀረው ነገር ምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አዳራሽ የብሔረሰቦች የሙዚቃና የውዝዋዜ ዝግጅት ሲቀርብ ተገኝቶ ነበር። አስተዋዋቂው በአማርኛ «አሁን ደግሞ ወደ ጉራጌ እንወስዳችኋለን» አለ። ተወዛዋዦች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ከመድረኩ ግራና ቀኝ እየሮጡ ገቡ፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ወለሉን አናወጡት፤ በታላቅ ጭብጨባም ወጡ። ከጎኔ የተቀመጡት አንድ የሶዶ ሽማግሌ ግን ሳያጨበጭቡ ቀሩ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ የተዘፈነው የልጁ ጥያቄ ብቻ እንደሆነ፣ የልጅቷ መልስ ግን እንዳልተዘፈነ አስረዱኝ። ከዝግጅቱ በኋላ ነገሩን ስናጣራ መልሱ የተቀነሰው ሰዓት ለመቆጠብ መሆኑን ሰማን። በአዳራሹ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው መልሱ መቅረቱን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ጥያቄውንም አልሰማውምና።

የዚህ ሒስ መነሻ ይህች የተቆረጠች መልስ ናት። ድርጊቱን የአንድ አዘጋጅ ስሕተት ብቻ አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን አዘጋጁ የሠራው የቴአትር ታሪካችን ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረውን ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ቴአትር ከአዝማሪ የተለየበት ጊዜ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የተጻፉ ታሪኮች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምሩት ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ሆኖ ይቆጠራል። ተክለ ሐዋርያት በሩስያ የተማሩ፣ የአውሮፓን መድረክ የተመለከቱ ሰው ነበሩ። እንደሚተረከው፣ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል «ቴአትር» ይታያል ተብለው ተጋብዘው ቢሄዱ ያገኙት አዝማሪ ሲዘፍንና ሰው ሲጨፍር ነበር። በዚህም አዝነው ቴአትር ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ከላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስደው በአራዊት አምሳል የመንግሥቱን ሥርዓት የሚነቅፍ ተውኔት ደረሱ። ተውኔቱ ለመኳንንቱ አልተዋጠላቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ።

የተክለ ሐዋርያት ድፍረት ሊመሰገን የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ከዚያች ምሽት የወረስነው ሌላም ነገር አለ። ቴአትር የተወለደው «ይህ ቴአትር አይደለም» በሚል ፍርድ ነው። ከዚያ ወዲህ በወረቀት የተጻፈው፣ በአማርኛ የተነገረው፣ በአዳራሽ የታየው «ቴአትር» ሲባል፣ በቃል የኖረው፣ በሌሎች ቋንቋዎች የተነገረው፣ በሜዳ የታየው ሁሉ «ዘፈንና ጭፈራ» ተባለ። ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገው ደግሞ «ፋቡላ» ሊሠራው የሞከረው ሥራ፣ ማለትም ኃያሉን በሽፍን ቃል መንቀፍ፣ አዝማሪው በሰምና ወርቅ ሲሠራው የኖረ መሆኑ ነው።

የአዝማሪን አንደበት ክብደት የራሳችን የታሪክ ጸሐፊዎች ቢዘነጉትም ጠላት ግን አልዘነጋውም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የኢጣልያ ፋሺስት አስተዳደር እንዲታደኑና እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ይገኙበታል። ወንጀላቸው የኢጣልያ አገዛዝ እንደሚወድቅ በየገበያው ማውራታቸው ነበር። መሣሪያ የሌለው ሰው በዜማው ምክንያት ብቻ በሞት ሲቀጣ፣ የዜማው ቃል ምን ያህል እንደሚፈራ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም።

የተከለለች ከተማ

ኢትዮጵያ በዘር የተከለለ ኑሮ ታውቃለችን? ለዚህ ጥያቄ ብዙዎቻችን ፈጥነን «አታውቅም» እንላለን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት ግን አዲስ አበባ በሕግ የተከለለች ከተማ ነበረች። የፋሺስት አስተዳደር የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለየ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው ሕግም ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር ከለከለ። መለየቱ እስከ አውቶቡስና እስከ መዝናኛ ስፍራ ድረስ የዘለቀ ነበር። በአራዳ የነበረው ታላቁ ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ የተደረገውም በዚሁ እቅድ ነው። አዲሱ ስፍራ «የአገሬው ገበያ» ተባለ። ዛሬ መርካቶ የምንለው ይህንኑ ነው።

ይህ ነገር ከጉራጌና ከቴአትር ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ የሚያገናኘው ብዙ ነው። የጉራጌ ሰው ከትውልድ መንደሩ ተነሥቶ በእግሩ አዲስ አበባ ሲገባ ጭነት የተሸከመው፣ ሱቅ የከፈተው፣ ዕቁብ የጣለው፣ ከሁሉም ብሔረሰብ ጋር የተገናኘው በመርካቶ ነው። መርካቶ ለመለየት ተፈጥሮ የአገሪቱ ታላቅ መገናኛ ሆነ። ቴአትር ቤቶች ግን በብዛት የቆሙት በሌላው ወገን ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኢጣልያኖች ለሲኒማ ቤትነት ጀምረውት በነበረ ሕንፃ ላይ የተሠራ ነው። ሀገር ፍቅርም የሚገኘው በፒያሳ አካባቢ ነው። በመርካቶ አጠገብ የነበረው ራስ ሲኒማ ወደ ቴአትር ቤትነት የተለወጠው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ድንበሩን ያሰመረው ጠላት ከወጣ በኋላ ማንም ሰው ወደ ፒያሳ መውጣት ይችል ነበር። የመርካቶውም ሰው ወጥቷል፤ ትኬት ገዝቶ ገብቷል፤ ሥቋል፤ አልቅሷል። የወጣበት ቋንቋ ግን ከእርሱ ጋር ወደ አዳራሹ የገባው በመግቢያው በር እስኪያልፍ ብቻ ነው።

እግር የተፈቀደለት፣ አንደበት የዘገየበት

ሒስ ሚዛን ሊኖረው ይገባልና የመድረካችንን በጎ ሥራ አስቀድመን እንመዝግብ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ሰዓት፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ሲቋቋም ዓላማው ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት መቀስቀስ ነበር። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ ከየክፍለ ሀገሩ ዘፋኞችንና ተወዛዋዦችን አሰባስቦ በአንድ መድረክ አቆመ። አዝማሪ ተብለው ይናቁ የነበሩት ሰዎች የወር ደመወዝ የሚቆረጥላቸው፣ ስማቸው በማስታወቂያ የሚወጣላቸው ባለሙያዎች ሆኑ። የጉራጌው ዜማ፣ የኦሮሞው ዜማ፣ የትግሬው ዜማ በአንድ ምሽት እየተከታተለ ተሰማ። በ1955 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና እምቢልታውን በአንድነት አስቀምጦ አጫወተ። እነዚህ ቀላል ሥራዎች አይደሉም።

ነገር ግን የምሽቱን ዝግጅት በጥሞና ያየ ሰው የሥራ ክፍፍሉን ያስተውላል። ዘፈኑ የብሔረሰቦች፣ ተውኔቱ የአማርኛ ነበር። መጋረጃው ተከፍቶ ሰው ማሰብ፣ መከራከር፣ መጸጸት ሲጀምር የሚያስበውና የሚከራከረው በአማርኛ ነው። ሐሳቡ ተፈጽሞ መዝናናት ሲያስፈልግ ጉራጌው ይገባል። አንዱ ቋንቋ ለሐሳብ፣ ሌሎቹ ለሞቅታ ተመደቡ ማለት ነው።

እዚህ ላይ በአማርኛ የጻፉትን ደራስያን መውቀስ ትክክል አይሆንም። የአማርኛ ቴአትር የተሠራው በአማርኛ አፉን በፈታ ሰው ብቻ አይደለም። በአምቦ አቅራቢያ ተወልደው ያደጉት፣ ኦሮምኛን ከልጅነታቸው የሚያውቁት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለአማርኛ መድረክ የሰጡትን ኃይል ማንም አይስተውም። በሀረርጌ የተወለዱት ተስፋዬ ገሠሠም እንዲሁ። መርካቶ ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድ በአማርኛም በጉራጊኛም አገሩን ሁሉ አዚሟል። አማርኛ የብዙዎች የጋራ ቤት ሆኖ መሥራቱ ሐቅ ነው። የሚያከራክረው ቤቱ መሠራቱ ሳይሆን፣ ወደ ቤቱ የገባው ሰው የራሱን ቋንቋ ከደጅ እንዲተው መደረጉ ነው።

የጉራጌ ሰው በአማርኛ ተውኔትና በአጭር ጭውውት ውስጥ በገጸ ባሕርይነት ሲገባም ብዙውን ጊዜ በአንድ መልክ ብቻ ነበር። ወይ ተሸካሚ ነው፣ ወይ ሊስትሮ ነው፣ ወይ ሳንቲም የሚቆጥር ባለሱቅ ነው። ተመልካቹን የሚያስቀው በሚሠራው ሥራ ወይም በሚገባበት ችግር ሳይሆን አማርኛን በሚሰብርበት አኳኋን ነው። ሰው የተናገረው ሳይሆን የተናገረበት አንደበት መሣቂያ ሲሆን፣ ያ ሣቅ የኮመዲ ሣቅ አይባልም። ለንጽጽር ያህል የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» እንመልከት። ከትልቅ ቤት የተወለደና የተማረ ወጣት የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ በሚነሣው ሁከት የምንስቀው በትዕቢቱ፣ በዘር ቆጠራውና በሁለት ዓለም መካከል በመወጠሩ ነው። የሣቁ ዒላማ ደካማው አይደለም፤ ሐሰቱ ነው። የመድረኩን ጉራጌ የጻፉት ሰዎች ይህን ትምህርት ከራሳቸው ዘመን ሊቀስሙት በቻሉ ነበር።

አብዮቱ ብዙ ተስፋ ይዞ መጣ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ብሔረሰቦች በቋንቋቸው የመጠቀም መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ማስተማር ቻለ። ከእነዚህ ውስጥ ስልጢኛ ይገኝበታል፤ ቸሃና ክስታኔ ግን አልገቡበትም። በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ወጣቱ ከመንደሩ ወጥቶ መድረክ ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1987 የ«ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ቡድን የብሔረሰቦቻችንን ዘፈንና ውዝዋዜ ይዞ በውጭ አገሮች ዞረ። ሆኖም የኪነት ቡድኑ ሥርዓት የቀድሞውን ክፍፍል አላፈረሰውም። ይልቁንም አበዛው። ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ አንድ ልብስ፣ አንድ ዜማ፣ አንድ የእግር ስልት ተመደበ፤ መፈክሩና ጭውውቱ ግን በአማርኛ ቀጠለ። በአዳራሹ ያየሁት መልስ አልባ ጨዋታ ከዚህ ልማድ የተወለደ ነው።

በመካከሉ አንድ ጉራጌ ደራሲ ሌላ መንገድ ሞክሮ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ ትውልድ አገሩ ኑሮ በቸሃ ቋንቋ ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 «የሺነጋ መንደር» በሚል ትርጉም ባለው ርእስ በእንግሊዝኛ ታተመ። ቀጥሎም ራሱ በእንግሊዝኛ በጻፈው «አፈርሳታ» በተሰኘው ልብ ወለድ፣ አንድ ጎጆ ተቃጥሎ ጥፋተኛው እስኪገኝ የመንደሩ ሰው ሁሉ እየተሰበሰበ የሚመረምርበትን የአውጫጭኝ ሸንጎ ዋና ጉዳይ አደረገ። ያን ሸንጎ ያነበበ ሁሉ ቴአትር መሆኑን ይገነዘባል፦ ተናጋሪ አለ፣ ዝም ያለ አለ፣ የሚጠረጠር አለ፣ እውነቱን የሚያውቅ ተሰብሳቢ አለ። የጉራጌ ሸንጎ በእንግሊዝኛ ዓለምን ሲዞር፣ በራሱ ቋንቋ ግን የአገሩን መድረክ አልረገጠም።

በራሳችን ቤት የነበረው አጥር

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ ስለመጣው አጥርና ከመሐል አገር ስለተሠራው ልማድ ነው። ሒስ ግን በራስ ቤት ሲደርስ ዝም ካለ ሒስ አይሆንም። በጉራጌም ምድር ውስጥ አጥር ነበረ። እንጨት ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂና ብረት ቀጥቃጭ የሆኑ ወገኖች ከገበሬው ተለይተው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ውስጥ የእንጨት ሠሪዎቹ «ፉጋ» ይባሉ ነበር። ይህ ስም ስድብ ሆኖ የኖረ ነውና እዚህ የምንጠቅሰው ለታሪኩ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስለ ጉራጌ የጻፈው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እንደመዘገበው፣ እነዚህ ሰዎች መሬት እንዳይዙ፣ ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ፣ ያለ ፈቃድ ከሰው ቤት እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ንክኪያቸው መሬቱን ያረክሳል ተብሎ ይታመን ነበር።

የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፦ ከቤት እንዳይገቡ የተከለከሉት ሰዎች የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት ራሳቸው ነበሩ። ልጃገረዶች ወደ ሴትነት የሚሸጋገሩበትን፣ የራሱ ምስጢራዊ ቋንቋ የነበረውን የሙየት ሥርዓት የሚመሩትም እነርሱ ነበሩ። የተገለለው ሰው የሥርዓቱ መሪ፣ የምስጢሩ ቋንቋ ጠባቂ፣ የክዋኔው ባለሙያ ሆኖ ኖሯል። በሰሜን አዝማሪው፣ በየደጃፉ በማለዳ የሚያዜመው ላሊበላም በየመልኩ ይህንኑ ዕጣ ተካፍለዋል። ኅብረተሰቡ ያለ እነርሱ ሠርግና ሥርዓቱ አይሞላለትም፤ ከእነርሱ ጋር ግን በአንድ ገበታ አይቀመጥም።

ይህን እውነት መናገር የጉራጌን ባህል ማዋረድ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ለእኛ ግን ተቃራኒው ይታየናል። የክዋኔ ጥበባችንን ጠብቀው ያቆዩልንን ሰዎች ሳንጠቅስ ጥበቡን ብቻ «ባህላችን» ብንል፣ አዘጋጁ የልጅቷን መልስ እንደ ቆረጠ እኛም የባለሙያውን ስም መቁረጣችን ነው። የጉራጌ ቴአትር ነገ በራሱ ቋንቋ ቢጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባው ግጭትም ከዚሁ የሚገኝ ይመስለናል፦ ምሰሶውን አቁሞ ከደጅ የቀረው ሰው። ከዚህ የበረታ የተውኔት ጭብጥ ከየትም አገር መዋስ አያሻም።

ከሌሎች የምንማረው

በራስ ቋንቋ መድረክ መሥራት የሚቻል ስለመሆኑ ከአገራችንም ከውጭም ምስክር አለ። በድሬዳዋ በ1950ዎቹ የተሰባሰቡት የአፍራን ቀሎ ወጣቶች ብዙ ጫና እየደረሰባቸው በኦሮምኛ ዘመናዊ ዜማ ተጫውተዋል፤ ዓሊ ቢራም የወጣው ከእነርሱ መካከል ነው። በአስመራም፣ በኢጣልያ ዘመን ከነጩ ሰፈር ተለይቶ ይኖር የነበረው ሕዝብ ልጆች በ1953 ዓ.ም. ገደማ ማኅበር ቴአትር አስመራን መሥርተው በትግርኛ ዘፈንን ከጭውውትና ከድራማ ጋር አጣምረው አቅርበዋል።

ከውጭ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን እንመልከት። በዚያ አገር መለያየት የአምስት ዓመት ሳይሆን የብዙ ትውልድ ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በጆሃንስበርግ የተከፈተው ማርኬት ቴአትር፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ በቀድሞ የፍራፍሬ ገበያ ሕንፃ ውስጥ የተሠራ ነው። ሕጉ በሚለያያቸው ሰዎች ፊት ጥቁርና ነጭ ተዋንያንን በአንድ መድረክ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «ዎዛ አልበርት» በሁለት ተዋንያን ብቻ እጅግ ብዙ ገጸ ባሕርያትን እያፈራረቀ፣ እንግሊዝኛን ከአገሬው ቋንቋዎች ጋር እየቀላቀለ ተጫወተ። ተመልካቹ ሁሉንም ቃል አልሰማ ይሆናል። ነገር ግን ማን ለማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር፣ ፖሊስ ሲመጣ ቋንቋው እንዴት እንደሚለወጥ ማየቱ ራሱ የተውኔቱ ትርጉም ሆነለት። ቋንቋ እዚያ የመግባባት እንቅፋት አልሆነም፤ የድርጊቱ አካል ሆነ።

ይህ ምሳሌ ለእኛ ሁለት መልስ ይሰጣል። «በጉራጊኛ ቢጫወት ማን ይሰማዋል? ጉራጊኛስ ራሱ ብዙ አይደለምን? ቸሃ ይሁን ክስታኔ ወይስ ሌላ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርባል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የመርካቶ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ሱቅ ውስጥ ከአንዱ ጋር በአማርኛ፣ ከሌላው ጋር በኦሮምኛ፣ ከወንድሙ ጋር በመንደሩ ቋንቋ ሲነጋገር ኖሯል። ኑሮው የተሸከመውን መድረኩ አይሸከምም ማለት መድረኩን ከኑሮ በታች ማድረግ ነው። «ቋንቋ ሲበዛ አንድነት ይላላል» የሚለውም ስጋት መልሱ ያው ነው፤ አንድነትን የሚያላላው አንዱ ሲናገር ሌላው ሲጨፍር መኖር ነው።

ምን ይደረግ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ አጥሩን አንሥቷል፤ መድረኩን የሚሠራው ግን ሕግ አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን ለአንባብያንና ለባለሙያዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ አዳብናም ሆነ ሌላው ጨዋታ ሲቀዳ ጥያቄው ከነመልሱ፣ ግጥሙ ከነተናጋሪው፣ ዳር ቆሞ የሚመለከተው ሰው ከነአስተያየቱ ይቀዳ። የሦስት ደቂቃ ውዝዋዜ ማስታወቂያ እንጂ መዝገብ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ደራስያን የየጆካን ሸንጎና የክስታኔን የጎርደና ሴራ ለተውኔት ይመርምሩ፤ በእነዚህ ሸንጎዎች ንግግር፣ ክርክር፣ እርቅና ምርቃት በሥርዓት ተቀምረው ይገኛሉ። ሦስተኛ፣ የቴአትር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደ ገና ይጻፉት። ተክለ ሐዋርያት በቦታቸው ይቀመጡ፤ ከእርሳቸው በፊት ግን በሆቴሉ ውስጥ ይዘፍን የነበረው አዝማሪ፣ በደጃፍ የሚያዜመው ላሊበላ፣ ምሰሶውን ያቆመው እንጨት ሠሪ ይግቡበት።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚል፣ በጥያ በኩል የሚያልፈው መንገድ ራሱ መልስ አለው። በ1950ዎቹ የዚህ አካባቢ ተወላጆች መንግሥት እስኪሠራላቸው ሳይጠብቁ በማኅበር ተደራጅተው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን መንገድ አሠርተዋል። ለሸክማቸው መንገድ የሠሩ ሰዎች ለቃላቸው መድረክ መሥራት አያቅታቸውም። በቡታጅራ ወይም በወልቂጤ አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት ወጣቶች፣ አንድ በክስታኔ ወይም በቸሃ የተጻፈ ተውኔት ለመጀመሪያው እርምጃ ይበቃል።

ጊዜው ግን ረጅም አይደለም። የአዳብናን የቀድሞ መልሶች በቃላቸው የሚያውቁት እናቶች እያረጁ ነው። ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ያችን የተቆረጠች መልስ በጆሮዬ በቀስታ አዜሙልኝ፤ ቀጥለውም በአማርኛ ተረጐሙልኝ። ልጅቷ ለጠያቂዋ እሺም እንቢም አላለችም፤ ይልቁንም በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ እንዲመጣና እንዲጠይቃት ነበር የነገረችው። በጥያ ድንጋዮች ላይ የተቀረጸውን ቃል ለማዳን ዘግይተናል። ይህኛው ግን ዛሬም የሚናገረው ሰው አለው።